በጾምም በፍስክም የሚሠራ ልማድ

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ሥራዬ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዘንድሮ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩና ማታ ማታ እየተራመድኩ 6 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ፤ እንዲያውም አንድ ኪሎ ጨምሮ። አምናም እንዲሁ ሆኖብኛል። የምኖረው ከባለቤቴ፣ ከአማቴና ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሲሆን ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አምስት ሊትር ዘይት 20 ቀን ነው የሚቆየን። ሻይ በቀን ሁለቴ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ቡና ደግሞ ሦስት ስኒ በሁለት በሁለት ማንኪያ እጠጣለሁ። ጓደኛዬ ያመጣችልኝን የማቅጠኛ ሻይ ለሁለት ሳምንት ጠጥቼ ሆዴን ሲቆርጠኝ ተውኩት። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ለእኔም እፈራለሁ። ጽናት የሌለኝ ሰው ሆኜ ነው? የቀነስኩት እንዳይመለስ ምን ላድርግ?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ለሁለት ወር ያህል በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው ጽናት ይጎድለዋል ብለን አናምንም። ክብደቱ የተመለሰብሽ በሌላ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ መላ አለው።

እስቲ ጾሙን ምን እንደያዘልሽ አስቢው። መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያበቃ ቤተ ክርስቲያን ትነግርሻለች። ቤት ውስጥ ቅቤና እንቁላል አይገባም። አማትሽም ባለቤትሽም ይጾማሉ፤ ቢሮም አብረውሽ 9 ሰዓትን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በየጠዋቱ ተነሥተሽ «ዛሬስ ልጹም ወይስ ልተወው?» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትከራከሪም። ልማድ የሚጸናው እንዲህ ዙሪያውን ሲደገፍ ነው። በፋሲካ ሌሊት ግን ይህ ሁሉ ድጋፍ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የማታ እርምጃሽም ከጾሙ ጋር የተጀመረ ስለነበር ከጾሙ ጋር ቀረ። አንቺ የላላሽ መስሎሻል፤ የላላው ግን ይዞሽ የነበረው ነገር ነው።

ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ የምትይዢው ልማድ በጾምም በፍስክም፣ በሥራ ቀንም በበዓልም ሳይለወጥ የሚሠራ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምንጽፍልሽን ሁሉ የመረጥነው በዚህ መስፈርት ነው። ጾሙን ለጾምነቱ ጹሚው፤ የክብደትሽን ጉዳይ ግን አትጫኚበት።

የቀነስሽው 6 ኪሎ ሁሉም ስብ እንዳልነበረም ማወቅ አለብሽ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ሲዋል ይህ ስንቅ ይጎድልና ውኃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑን ቶሎ የሚያወርደው ይህ ነው፤ እንደ ልብ መብላት ሲጀመርም በጥቂት ቀን ውስጥ የሚመለሰው እሱ ነው። ከቀሪው ውስጥም ጥቂቱ ጡንቻ ነው፣ በተለይ ምስርና ሽምብራው አንሶ ፓስታ፣ ዳቦና ሳምቡሳ ከበዛ። ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት ቁጭ ብሎ የሚያቃጥለው ኃይልም ይቀንሳል። በዚህ ላይ የፋሲካው ገበታ ሲጨመር ከነበረው አልፎ መሄዱ አይገርምም።

ግብሽን እናስተካክል። ክብደትሽ በኪሎ ለቁመትሽ በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ስሌት ነው) 31 ገደማ ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ግን 60 ኪሎ ልግባ ብለሽ አትነሺ። በአሜሪካ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ታላቅ ጥናት ነበር። የአኗኗር ለውጥ የተመደበላቸው ሰዎች የተሰጣቸው ግብ ሁለት ብቻ ነበር፦ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። መድኃኒትነት የሌለው የማስመሰያ እንክብል ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሰባት በመቶውን በ6 ወር ውስጥ ያሳኩት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደነበሩም ልብ በይ፤ ያም ሆኖ ውጤቱ ይህን ያህል ነው። ላንቺ 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ወይም 6 ኪሎ ነው። 82ቱ 76 ሆኖ እዚያው ቢቆይ የእናትሽ ሕመም እንዳይዝሽ ያለሽን ፍርሃት የሚያቀል ትልቅ ነገር አድርገሻል። ጊዜውን 6 ወር አድርጊው። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ቢያንስም አትከፊ።

ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ዓይናችን ያረፈው እዚያ ላይ ነው። አምስት ሊትር ለአራት ሰው 20 ቀን ማለት ለእያንዳንዳችሁ በቀን 62 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስላለው ከዘይት ብቻ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ታገኛለሽ። እንጀራው፣ ስኳሩና ዳቦው ገና አልተቆጠረም። የጾም ወጥ ስለሆነ ቀላል ነው የሚባለው ልክ አይደለም፤ የዘይትና የቅቤ ኃይል እምብዛም አይለያይም። ያው አምስት ሊትር 40 ቀን ቢቆይ በነፍስ ወከፍ በቀን 250 ካሎሪ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በስሌት በወር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ሰው ከአንዱ ሲቀንስ ሳያውቀው በሌላው ይጨምራልና። ቢሆንም ማንም ሳይራብ የሚገኝ ትርፍ ነው፤ አማትሽም ባለቤትሽም ይጠቀማሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ ዘይት ስትከፍቺ ቀኑን ጀሪካኑ ላይ በማርከር ጻፊው። ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ አታፍስሺ፤ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጠሽ ድስቱ ውስጥ የምትጨምሪው በሾርባ ማንኪያ እየለካሽ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው ግብ 20ውን ቀን 25 ማድረግ ነው፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 35፣ መጨረሻ ላይ 40። በአንድ ቀን በግማሽ ከቀነስሽው ወጡ ይለወጥና አማትሽ «ምን ነካሽ ልጄ፣ ወጡ ጣዕም የለውም» ይላሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው ትመለሻለሽ። ቀስ በቀስ ከሆነ ግን ምላስ ይለምዳል፤ አዋጅ ማስነገርም አያስፈልግም።

ሰዎች ዘይት ለመቀነስ ሞክረው የሚያቅታቸው ብዙ ጊዜ ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ይይዝባቸዋል፣ በርበሬው ያርርና ይመርራል፣ ከዚያ ማዳኛው ዘይት መጨመር ይሆናል። ለአራት ሰው የምስር ወጥ ስትሠሪ ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት በጣም አድቅቀሽ ክተፊና ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ያለ ዘይት አቁላዪው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚደረገው ነው፤ እጅሽ ያውቀዋል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ድስቱን ክደኚው፣ መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጨምረሽ አማስዪ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንኩርቱ ይሟሽሽና ውኃውን ይጨርሳል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የምትጨምሪው ያኔ ነው። በርበሬው ከመግባቱ በፊት አንድ የቡና ስኒ ሙቅ ውኃ አስቀድሚ። በርበሬ በጥቂት ዘይት ላይ ደረቁን ሲወድቅ በሰከንዶች ውስጥ ያርራል፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ ግን ጊዜ ይሰጥሻል። እሳቱን ቀንሰሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው። «ጥሬ ጥሬ ይላል» የሚባለው ዘይት አንሶት ሳይሆን ይህ ጊዜ አጥሮት ነው። የፍስክ ወጥ ከሆነም ቅቤውን በዚያው ማንኪያ ለኪው፤ ዘይትም ቅቤም በየፊናቸው ሙሉ ልክ አይግቡ። ፍርፍር ላይ ተጠንቀቂ፤ እንጀራ የጠጣው ዘይት ተመልሶ አይወጣምና ምሳ ዕቃ የምትቋጥሪ ከሆነ ወጡን ለብቻ፣ እንጀራውን ለብቻ አድርጊው።

ስኳሩ ቀላል ነው። ስድስት ማንኪያ በሻይ፣ ስድስት በቡና፣ በጠቅላላው 12 የሻይ ማንኪያ ትወስጃለሽ፤ 48 ግራም ገደማ፣ 190 ካሎሪ ያህል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ከ25 ቢያንስ ይመርጣል። አንቺ ለስላሳና ጁስ ሳትቆጥሪ ጣሪያው ላይ ነሽ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀንሺ። በአራተኛው ሳምንት ቡናሽ ያለ ስኳር ይሆናል፣ ሻይሽም አንድ ማንኪያ ላይ ይደርሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን መተው የለብሽም፤ ቡና ያለ ስኳር ካሎሪው ከምንም አይቆጠርም። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ዳቦና ፈንዲሻ ግን ይቆጠራል።

ከአንድ ትሪ መብላት ከሁሉ ይከብዳል፤ ምግቡ ስለሚበዛ ብቻ አይደለም፣ ስንት እንደበላሽ የምታውቂበት መንገድ የለም። ሥር የተነጠፈው እንጀራ፣ የተጨመረው፣ የተጎረሰው ይደባለቃል። ሰውም የሚበላው አብሮት የሚበላው እስኪያቆም ነው። የባለቤትሽ ወንድም ሁለት እንጀራ የሚበላ ወጣት ከሆነ አንቺ በእሱ ሰዓት ነው የምትነሺው። ለብቻዬ በሳህን ልብላ ማለት ደግሞ ባንቺ ቤት ቅር የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ትሪውን ሳንነካ የሚቻለውን እንንገርሽ።

የምትበዪበትን እንጀራ አስቀድመሽ ለይው። አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ መጠኑና እንደ ውፍረቱ ከ400 እስከ 600 ካሎሪ ይኖረዋል፤ ግማሹን ጠቅልለሽ በበኩልሽ አስቀምጪ። ከትሪው የምታነሺው ወጥና አትክልት ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ቀይ ሥሩን ወይም ሰላጣውን ብይ፤ ቀጥለሽ ምስሩን ወይም ሥጋውን። ጥቅልሽ ሲያልቅ ወዲያው ተነሥተሽ እጅሽን ታጠቢ። ይህ እጅ መታጠብ ዋናው ነገር ነው። የታጠበ እጅ ወደ ትሪ አይመለስም፤ የታጠበ ሰውንም አጉርሰው የሚያስቸግሩት ጥቂት ናቸው። ታጥበሽ ተመለሺና ሻይሽን ይዘሽ አብረሻቸው ተቀመጪ፤ ጨዋታው አይቋረጥም። ጉርሻ ከመጣ ተቀበዪ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ካሉሽም ሁለቱን ተቀብለሽ ሦስተኛውን በምስጋና መልሺው፤ ክብደት የሚጨምረው በሁለት ጉርሻ አይደለም።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንድ አንድ አዲስ ልማድ መርጠው ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። ድርጊቱ ሳይታሰብበት የሚመጣ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ አማካዩ ላይ 66 ቀን ነበር፤ ከ18 ቀን ጀምሮ እስከ 254 ቀን የሚገመትም ነበረ። ስፖርት ከመብላትና ከመጠጣት ልማድ የበለጠ ጊዜ ጠይቋል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም። ይህን የምንነግርሽ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በ21 ቀን ልማድ ይያዛል የሚለውን ወሬ አምነሽ በአራተኛው ሳምንት «አልቻልኩም» እንዳትዪ። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ሰርግ ሄደሽ ሳትለኪ ብትበዪ ያ ቀን ምንም ማለት አይደለም፤ ሰዎችን የሚጥላቸው «አንዴ ካበላሸሁት ከሰኞ እጀምራለሁ» ብለው የሚያሳልፏቸው አምስት ቀናት ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይምሰል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዘይትና ስኳር ብቻ። ሁለቱም ወጥ ቤት ውስጥ የሚያልቁ ስለሆኑ ከሰው ጋር አያጋጩሽም። ከዚያ የእንጀራ ጥቅሉንና እጅ መታጠቡን ጨምሪ። በአምስተኛው ሳምንት እርምጃው ይግባ።

እርምጃው ቀድሞ ከጸና ነገር ጋር ይታሰር። «ሲመቸኝ እራመዳለሁ» የሚል ሰው አይራመድም። «ከሥራ ስመለስ ከቤቴ በፊት ያለው ፌርማታ ላይ እወርዳለሁ» የሚል ግን ወራጅ ባለበት ቅጽበት ውሳኔው ተፈጽሟል። መንገዱ 15 ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ ከሆነ ጠዋትም ማታም በእግር ሂጂው፤ በቀን 30፣ በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል። ፍጥነቱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ይሁን። በክረምት ዝናቡ ሲያስቸግር የቢሮውን ደረጃ ተጠቀሚ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ጨምሪ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር እርምጃ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ ግማሽ ሰዓት መራመድ የሚያቃጥለው ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ኃይል እምብዛም አይበልጥም። የሚጠቅመው የቀነሰው እንዳይመለስና ስኳርሽ በደም ውስጥ እንዳይጠራቀም ነው። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ቀንሰው ከዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ፤ አብዛኞቹ በቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚንቀሳቀሱ፣ ቁርስ የሚበሉና ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሚመዘኑ ናቸው።

ጡንቻሽ እንዳይሄድ በየምግቡ ፕሮቲን ይኑር። በፍስክ እንቁላል (አንዱ 6 ግራም ፕሮቲን አለው)፣ እርጎ፣ ስብ የሌለው ሥጋ፤ በጾም ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ንፍሮ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጥሻል። ለውዝም ጥሩ ነው፤ ግን 100 ግራሙ ወደ 580 ካሎሪ ስለሚይዝ በእፍኝ እንጂ በሳህን አይቀርብልሽ። በጾም ቀን ምግብ የሚቀርበው 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ከቢሮ ስትወጪ ርቦሽ የምትገዢው ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ነው የሚያጠፋሽ። ንፍሮ ወይም ቆሎ በቦርሳሽ ያዢ፤ ሰዓቱ ሲደርስ መጀመሪያ እጅሽ የሚገባው እሱ ይሁን። እንቅልፍም ከሰባት ሰዓት እንዳያንስ፤ ያልተኛ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው።

ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ ከመጣሽ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በስስ ልብስ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ። ክብደት በውኃና በጨው ብቻ በቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል፤ የወር አበባ ሲቃረብም ይጨምራል። ስለዚህ የምታወዳድሪው የአራት ሳምንቱን እንጂ የትናንቱን አይደለም። ወገብሽንም በሜትር ለኪ፦ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽሽን እንደ ወትሮው አውጥተሽ፣ ሜትሩን ሳታጠብቂ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል፣ ከ88 ሲያልፍ ይጨምራል። ሚዛኑ ቆሞ ወገብሽ የሚቀንስበት ወር ይኖራል፤ ያ ጥሩ ወር ነው። ከሦስት አራት ወር በኋላ ሁለቱም ቢቆሙ ግራ አትጋቢ፤ ቀላል ሰውነት የሚፈልገው ኃይልም ያንሳል። ያኔ ዘይቱና ስኳሩ ቀስ በቀስ ተመልሰው እንደሆነ መጀመሪያ ጀሪካኑ ላይ የጻፍሽውን ቀን እዪ።

አንድ መስመር አስምሪ፦ ከደረስሽበት ዝቅተኛ ክብደት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ለሁለት ሳምንት ከቆየ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ፣ ወደ ዘይቱና ወደ ስኳሩ ልክ ትመለሻለሽ። ሰባት ኪሎ እስኪሆን የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ለፋሲካ ሰሞን ደግሞ አስቀድመሽ ወስኚ። ዶሮ ወጡን ብይ፤ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል፣ እንደ ሁልጊዜው በግማሽ ጥቅል እንጀራ፣ አይቡን ጨምረሽ። ጎመኑ ከትሪው አይጥፋ፤ ብዙ ቤት በፍስክ የሚቀረው እሱ ነው። እርምጃው በማግስቱ ሰኞም አይቋረጥ። የምትመዘኚው በበዓሉ ማግስት ሳይሆን ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን፤ ከዚያ በፊት የምታዪው በአብዛኛው የውኃ ቁጥር ነው። ዘመድ ሲያይሽ «ከስተሻል፣ አሞሻል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። «ደኅና ነኝ፣ ስኳር እየቀነስኩ ነው» በቂ መልስ ነው።

የማቅጠኛ ሻዩን በመተውሽ ደስ ብሎናል። እንዲህ ያሉ ሻዮች ብዙዎቹ ሰናመኪ አለባቸው፤ ሰናመኪ ሆድ የሚያስቀምጥ ነው። የሚያስወጣው ውኃና ጨዋማ ንጥረ ነገሮችን እንጂ ስብን አይደለም፤ ሲደጋገም ፖታሲየም ያሳንስና ድካምና የልብ ምት መዛባት ያመጣል። ሎሚ በሙቅ ውኃም ስብ አያቀልጥም፤ ከወደድሽው ግን አይጎዳሽም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ወይም በጀመርሽበት ሰሞን ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእርግዝና መከላከያ የሦስት ወር መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራልና ሌላ ዘዴ ሊመረጥልሽ ይችላል፤ በራስሽ ግን አታቋርጪው። ብርድ አለመቻል፣ የማያባራ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና የፀጉር መሳሳት ካለ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። የወር አበባሽ የሚዘገይና ፊትሽ ላይ ፀጉር የሚበዛ ከሆነም ንገሪያቸው። የደም ግፊትሽን ተለኪ፤ ስለ እናትሽ ሕመምም አስረድተሽ በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ አድርጊ። ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ ደኅና ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር ሕመም የመሄድ ምልክት ነው፤ ከላይ የጻፍነው 7 በመቶ የሚጠቅመው በተለይ ላንቺ ይሆናል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም እንዲሁ ከወጣ የስኳር ሕመም ነው፤ ሕክምናው ሳይዘገይ መጀመር አለበት። ስኳር የሚቀንስ እንክብል ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች፣ እናትሽም ጭምር፣ የእንጀራቸውን መጠን ከመቀነሳቸውና ረጅም ሰዓት ከመጾማቸው በፊት የመድኃኒቱን ልክ ከሐኪማቸው ጋር ማስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል።